ጀርባህን ለነፋሱ ስጥ

የልጅ ልጄ ስልክ ላይ አያወራም። እናቱ ቤይሩት ከሄደች 3 ዓመት አልፏታል። ለእኔና ለባለቤቴ ትታልን ስትሄድ 8 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 11 ሞልቶታል። እሑድ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ትደውላለች። መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻ እሱን ታነጋግራለች። እኛ ወሬ አናጣም። የጤፍ ዋጋ አለ፤ የጎረቤት ሠርግ አለ፤ የመብራት መጥፋት አለ። እሱ ግን ስልኩን ሲቀበል የሚላት አንድ ነገር ነው።

«ደህና ነኝ።»

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ምን በላህ ዛሬ?»

«ምሳ።»

ከዚያ ስልኩን ፍም የነካው ይመስል ወደ እኔ ይመልሰዋል። ልጄ በስክሪኑ ውስጥ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ከኋላዋ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ግድግዳ አለ። «አድጓል አይደል?» ትለኛለች። «አድጓል» እላታለሁ። እሷስ እንዴት እንደሆነች ስጠይቃት «ደህና ነኝ አባዬ» ነው መልሷ። ቤይሩት በዜና በተነሳች ቁጥር እኔና ባለቤቴ ሬዲዮኑን ዝቅ እናደርጋለን፤ እሱ ግን እንደሰማ ከፊቱ እናውቃለን። ልጅ ልጆቻችሁን የምታሳድጉ አያቶች ይኼን ነገር ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከቤታችን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚያወጣ የእግር መንገድ አለ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስኳር ስለተገኘብኝ ሐኪሙ «በእግር ሂድ» ብሎኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ልጁ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ አይቼ «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» አልኩት። እያጉረመረመ መጣ። ከባሕር ዛፉ መሐል ካለች አንዲት ትንሽ ጅረት ዳር ዳቦአችንን ስንበላ ስልኬን ተቀብሎ ውሃውን ቀረጸው። ያን ቪዲዮ አሁንም አለኝ። አውራ ጣቱ ግማሹን ሸፍኖታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ የሽማግሌ ትንፋሽ ከውሃው በላይ ይሰማል። ማታ ለእናቱ ላክንላት።

በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሌሊት ደወለች። የምትደውልበት ቀን አልነበረም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። «ያ ውሃ የት ነው?» አለች። ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት። በእንቅልፍ ዓይኑ እንዲህ አላት፤ «ከላይ ሌላም አለ። ከዚያ ይበልጣል። ድንጋዩ ላይ ሲወርድ ነጭ ይሆናል። ቅዳሜ እልክልሻለሁ።»

ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። በ3 ዓመት ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገራት ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ መቅረጽ መማር ነበረብን። ሰፈራችን ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወጣት አለ። ሰኞ ዕለት ቡና ጠራነውና የልጁን ቪዲዮ አሳየነው። ሳቀ፤ ግን አላሾፈም። መጀመሪያ ያስተማረን ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። «አባባ፣ የስልክዎ ሌንስ ላይ ኪስዎ ውስጥ ያለው ሁሉ ተለጥፎበታል» አለኝ። ስልኩን አግድም መያዝ፤ ክንድን ከጎን አጥንት ጋር ማጣበቅ፤ ትንፋሽን ቀስ ብሎ እያስወጡ መቅረጽ። አንድ ነገር ላይ ካነጣጠሩ በኋላ ሳይነቃነቁ እስከ 10 መቁጠር። ዙም ማድረግ የለም፤ የምትቀርበው በእግርህ ነው። እንድናስታውሰው በጣት እየቆጠረ የነገረንን ልጁ እስከ ዛሬ ይደግመዋል፤ መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ሰውየውን፣ ከዚያ እጁን።

ስለ ድምፅ የነገረን ደግሞ አንድ ነገር ነው። ነፋስ ማይኩ ላይ ሲመታ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይበላዋል። ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ በፕላስተር ለጥፉበት፤ እሱ ከሌለ «ጀርባህን ለነፋሱ ስጥ፤ አንተው ግድግዳ ትሆንለታለህ» አለው ልጁን።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲሁ አለፉ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ለስልኩ የሚሆን ፌስታል። ከጅረቱ አንጠጣም። ከላይ ያለው ውሃ ኩል መስሎ ሲፈስ ያታልላል፤ ከዚያ በላይ ግን ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ጅረት ለጅረት መሄድ ከመንገድ ይለያል። ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላውን ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ልጁ ድንጋይ ገልብጦ ያያል፤ መልሶ እንደነበረው እንዲያስቀምጠው አስለምጄዋለሁ፣ ከሥሩ የሚኖር ነገር አለና። የረጋ ውሃ ላይ እግራቸውን ዘርግተው የሚንሸራተቱትን ነፍሳት፣ ገና እግር ያላወጡትን የእንቁራሪት ልጆች፣ ቀጋው ሥር የተሸጎጠ የወፍ ጎጆ አገኘን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ቢወርሰውም ገደሉ ውስጥ፣ ውሃው ዳር፣ ጽድና ወይራ እዚህም እዚያም ቆመዋል። አስታም አለ። የዛፎቹን ስም እየጠየቀኝ ይቀርጻል፤ የማላውቀው ሲያጋጥመኝ «እሱን ለአያትህ አሳያት» እለዋለሁ። እሷ ገጠር ያደገች ናት።

የብርሃኑን ነገር በስሕተት ነው የተማርነው። የፈሰሰ ውሃ ፀሐይ ሲመታው ያበራል። ስልኩ ያንን ብርሃን አይቶ ሥዕሉን ሁሉ ያጨልመዋል፤ የእኛ ፊት ደግሞ ጠይም ነው፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ልጄ «ውሃው ያምራል፤ ልጄ ግን የታለ?» ብላ ጻፈች። ወጣቱ ሲያየው ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችን ነክተን ትንሽ መያዝ እንዳለብን አሳየን። እንዲህ ሲያደርጉት ስልኩ ብርሃኑን የሚለካው ከፊቱ ነው። ውሃው ነጣ፣ ልጁ ታየ። እናት የምትፈልገው ያንን ነው። ሲልኩት ደግሞ ቆርጠው ነው፤ በእኛ ስልክ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፣ የጡረታ ደመወዝ አይችለውም።

አንድ ሌላ ነገርም ተማርን፤ ይኼኛው ያሳፍረኛል። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ወገባቸው ጎብጦ፣ ጭነቱ ከቁመታቸው በላይ ሆኖ ሲወርዱ ልጁ ቀረጻቸው። አንዷ ቆመች። «ምንድን ነው የምትቀርጸው? ይኼ ምኑ ይታያል?» አለችው። እኔ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ለእናቱ ነው፣ ዓረብ አገር ናት» አልኳት። «እናቱንስ እንዲህ ሆና ሰው ቢቀርጻት ደስ ይለዋል?» አለችኝና ሄደች። ልጁ ሳልነግረው ቪዲዮውን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ስልኩን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰላም ይላል፣ ከፈቀዱለት ይቀርጻል። አብዛኞቹ አይፈቅዱም።

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ከአንድ ኩሬ ዳር ተቀምጠን ሳለ ጠየቀኝ፤ «አባባ፣ ይኼ ውሃ እናቴ ጋ ይደርሳል?»

በዱላዬ አፈሩ ላይ ሣልኩለት። ይኼ ጅረት ወደ ቀበና ይወርዳል። ቀበና ከተማዋን ሰንጥቆ፣ ቆሻሻዋን ሁሉ ተሸክሞ፣ ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ያገኛል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው፤ አፋር በረሃ ውስጥ ይደክምና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ልጁ የሣልኩትን መስመር እስከ መጨረሻው በዓይኑ ተከትሎ ዝም አለ። አንገቱን ሲደፋ ሳይ ዱላዬን መልሼ አነሳሁ። እንጦጦ ውሃ የሚከፍል ተራራ ነው። በዚህ በኩል የወደቀ ዝናብ ለአዋሽ ነው። ከጫፉ አልፎ በወዲያ በኩል የወደቀው ግን በሱሉልታ አድርጎ ሙገር ይገባል፤ ሙገር ለዓባይ ይሰጠዋል፤ ዓባይ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ቤይሩት ያለችው እዚያ ባሕር ዳር ነው።

«ስለዚህ ከወዲያ በኩል ያለው ይደርሳል?»

«ከደረሰ ያኛው ነው» አልኩት። መካከል ላይ ስንት ግድብ፣ ስንት መስኖ፣ ስንት በረሃ እንዳለ መዘርዘር አላስፈለገኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቅዱ አንድ ሆነ። ጫፉን አልፈን የወዲያኛውን ውሃ ቀርጸን መላክ። ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን ብዬ ቃል ገባሁ፤ ለጉልበቴ ልምምድ ያስፈልገው ነበር።

ሚያዝያ ላይ ነው የሆነው። ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ።

እኔ የቀበና ልጅ ነኝ። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። በልጅነታችን እናቶቻችን የሚሉን ነገር ነበር፤ ከላይ ጠቁሮ ከታች ፀሐይ ከሆነ ወንዝ አትግቡ። ጎረቤቱ ያለው ወንዝ ስሙ ግንፍሌ ነው፤ ከገነፈለ የመጣ ነው እያሉ ነው ያሳደጉን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደራሽ ውሃ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዜናውን ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። የማላውቀው ነገር አልነበረም ለማለት ነው።

ያን ቀን ስንመለስ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። ከላይ ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ሁለቴ አጉረመረመ። «ሩቅ ነው» አልኩ። ጅረቱ መሐል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ውሃው ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያልፈዋል። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ከልጁ ይልቅ እኔ ነበርኩ በመቅረጽ የተለከፍኩት። ልጁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃው በሁለት ጎኑ፣ ብርሃኑ ከጎን። ልጄ ስታየው ምን እንደምትል እያሰብኩ «እዚያ ተቀመጥ፣ አትንቀሳቀስ» አልኩት። ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ መቅረጽ ጀመርኩ። እንደተማርኩት ፊቱን ነካሁ።

የሆነውን እኔ አላየሁትም። ያየሁት በኋላ ከቪዲዮው ነው። ቪዲዮው 52 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ውሃው የጠራ ነው። 19ኛው ሰከንድ ላይ ቅጠልና ጭራሮ በድንጋዩ አጠገብ ማለፍ ይጀምራል። 24ኛው ላይ ከሩቅ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ «አባት! ኧረ አባት! ልጁን!» ቀጥሎ የእኔ ድምፅ ነው። «ቀና በል፤ ወደ እኔ እንዳታይ» እላለሁ። 35ኛው ሰከንድ ላይ ከልጁ ጀርባ ያለው ውሃ አተላ መስሏል። ልጁ ወደ ካሜራው ያያል። «አባባ» ይላል። እኔ ምን አልኩ? «ትንሽ ቆይ» አልኩ። ከዚያ ሰማይ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ የእኔ ጩኸት። ስልኩን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው።

ሴትየዋ በወዲያኛው ዳር ነበረች። ሸክሟን ጥላ እስከ ጉልበቷ ገብታ እጇን ዘርግታለታለች። ልጁ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዘለለ፤ ደግ አደረገ፤ እሷ ትቀርበው ነበር። ውሃው ጭኑ ላይ ሲደርስ ጎኑን ሲያዘነብለው አየሁ። ክንዱን ይዛ ሳበችው። ድንጋዩ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ ቀና ብዬ ሳይ የለም። ድምፁ ራሱ ሌላ ሆኗል። ጅረት የሚያወራውን አይደለም የሚያወራው፤ ድንጋይ ከሥሩ ሲንከባለል ይሰማል።

ሴትየዋ «ዓይንዎ የት ሄዶ ነው አባት?» ብላ ጮኸችብኝ። ዓይኔ ልጁ ላይ ነበር። ከእሱ ላይ አልተነሳም ነበር።

እነሱ በወዲያ ዳር፣ እኔ በወዲህ። መሐሉን መሻገር የማይታሰብ ነው። ኩታዋን አውልቃ አለበሰችው። ወደ ታች፣ ወደ ድልድዩ ጠቆመችኝ፣ ሸክሟን መልሳ ተሸከመችና ልጁን ከፊቷ አድርጋ መውረድ ጀመረች። እኔም በእኔ ዳር እወርዳለሁ። ግማሽ ሰዓት የሚሆን እንዲሁ ሄድን። ዛፍ ሲጋርዳቸው እቆማለሁ፤ ብቅ ሲሉ እሄዳለሁ። ልጁ አንዴም አልተጣራም። እኔ ስጣራ ውሃው ድምፄን ይወስደዋል።

ድልድዩ ላይ ሳገኘው ጉልበቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሴትየዋ ብር ላወጣ ኪሴ ስገባ እጄን ያዘችኝ። «ይልቅ ያሸክሙኝ፤ ገበያው ሊያልፍብኝ ነው» አለችኝ። ለማረፍ አውርዳው ነበር። በሁለት እጄ አንስቼ ጀርባዋ ላይ ማድረስ አቃተኝ፤ ልጁ ከሥር ገብቶ ደግፎ ነው ያነሳነው። ስሟን አልጠየቅኳትም። ልጁ ጠይቋት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እሱም አልጠየቃትም።

ባለቤቴ እርጥብ ሱሪውን አይታ ሁሉንም ከልጁ አፍ ሰማች። እስከ ማታ አላናገረችኝም፤ አልፈርድባትም። ለልጁ ግን ከመተኛቱ በፊት «ይኼን ለእናትህ አንነግራትም፣ በሰው አገር ሆና ትጨነቃለች» አልኩት። በማግስቱ እሑድ ደወለች። «ደህና ነን» አልን ሁላችንም። እሱም «ደህና ነኝ» አለና ስልኩን መለሰልኝ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር።

እኛ መርዶ ደባቂ ሕዝብ ነን። እናቴ ስትሞት ለልጄ 5 ወር ደብቀናታል። እሑድ እሑድ «አያቴስ?» ስትል «ተኝታለች» እንላት ነበር። በመጨረሻ ከሌላ ሰው ሰምታ ደውላ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። እኔ ግን ያን ጊዜም፣ ሚያዝያም ላይ፣ ለእሷ ብዬ ነው የሚመስለኝ።

ረቡዕ ማታ ልጁ ስልኬን ይዞ መጣ። ቪዲዮውን ብቻውን አይቶታል። «እንላክላት» አለ። አይሆንም አልኩት። «የወደቅንበትን ካልላክን የሚያምረውን ብቻ ነው የምታየው» አለ። ከዚያ ቆይቶ እንዲህ አለኝ፤ «እሷም ደህና ነኝ ነው የምትለው። ሁልጊዜ።»

የ11 ዓመት ልጅ ነው። ነጭ ግድግዳውን እሱም ሲያየው ኖሯል ማለት ነው።

ላክነው፤ ሳንቆርጠው፣ 52 ሰከንዱን በሙሉ። ከሥሩ በድምፄ የሆነውን ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም። ሐሙስ መልስ የለም። ዓርብ በአንድ መስመር ጻፈች፤ «አባዬ፣ ልጄን ለውሃ አይደለም የሰጠሁህ።» መልስ አልነበረኝም። «ይቅር በይኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ሌሊት ቪዲዮ መጣ። 10 ሰከንድ ነው። ጠባብ ክፍል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከጎኑ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ከላይ የሰው ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ጣሪያው አጠገብ ትንሽ መስኮት። የልጄ ድምፅ ከኋላ ይሰማል፤ «ይኼ ነው ክፍሌ።» ሌላ ቃል የለም። በ3 ዓመት ውስጥ የት እንደምትተኛ ያየነው ያን ሌሊት ነው። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ደጋግሞ አየውና «እጇ አልተንቀጠቀጠም» አለ።

እሑድ ስትደውል ብዙ አወሩ ማለት አይደለም። «ማሽኑ ማታ ይጮሃል?» አላት። «አንዳንዴ» አለችው። «አንተስ ድንጋዩ ላይ ፈርተህ ነበር?» አለችው። «አባባ ሲጮህ ነው የፈራሁት» አላት። ስልኩን መልሶ ሲሰጠኝ ጊዜ ፈጅቷል።

ሕግ አወጣን። አንዱ ሲቀርጽ ሌላው ስልክ አይነካም፤ ዘብ ነው፣ የሚያየው ሽቅብ፣ ውሃውን ነው። የሚቀርጸው ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ሌላውንም አያስገባም። ተራራው ከጠቆረ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም፣ ከገደሉ እንወጣለን። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠል ካመጣ ዕቃ አይሰበሰብም፣ ዝም ብሎ ሽቅብ ወደ ዳገቱ ነው። ክረምቱን በሙሉ ጅረት ዳር አልደረስንም፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ዝናብ ከበረንዳ ሆኖ ሲቀርጽ ከረመ። ሴትየዋን ሦስት ቅዳሜ መንገዱ ላይ ቆመን ጠበቅናት። የሚወርዱትን ስንጠይቅ «እዚህ የምንወርደው ብዙ ነን፣ የቷን ነው?» ይሉናል። ኩታዋ እኛ ጋ ነው፤ ባለቤቴ አጥባ አስቀምጣዋለች።

ጥቅምት ላይ ጫፉን አለፍን። እስከ እንጦጦ ማርያም በታክሲ ነው የወጣነው፤ ጉልበቴ ከ3,000 ሜትር በላይ አልታዘዝ ብሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን በጀርባዋ ወረድን። አዲስ አበባ ከኋላችን ጠፋች፤ ከፊታችን የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። ጅረቷን ስናገኛት ያን ያህል አይደለችም፤ ልጁ አንድ እርምጃ ተራምዶ ይሻገራታል። «ይቺ ናት?» አለኝ። «ይቺ ናት» አልኩት።

ስልኩን ይዞ ዳሩ ላይ ተንበረከከ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሽቅብ ቆምኩ፣ ዘብ ነኝ። ስለዚህ ሲቀርጽ አላየሁትም። ሲቆጥር ግን እሰማው ነበር፤ 10 ደርሶ አላቆመም፣ 30 ድረስ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ልጄ መልስ ላከች። የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ወርዳ ማዕበሉን ቀርጻዋለች። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፋስ ብቻ ነው፣ እየተናገረች እንደሆነ እናውቃለን፣ ምን እንዳለች ግን አይሰማም። ልጁ ስልኩን ተቀብሎኝ ደወለላት። እሱ ሲደውልላት የመጀመሪያው ነው።

«አልተሰማም» አላት። «ድገሚው። ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪ።»